ውጪውን የማያረጥብ ቀዳዳ፦ የአንዲት አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ ጉዳይ

ፒክአፗ ወደ ጋራዣችን የገባችው በገመድ ተጎትታ ነበር። ባለቤቷ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሲሚንቶና ብረት በማመላለስ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። በአንድ እጃቸው ቁልፉን፣ በሌላው ጠርዙ የተላላጠ የተማሪ ደብተር ይዘው ወረዱ። ሰላምታችንን እንኳን ሳንጨርስ፣ "ፓምፑ ሞቷል ብለውኛል፤ አንተም ሞቷል ካልኸኝ እሸጣታለሁ" አሉኝ።

ስለ ደብተሩ አልጠየቅኋቸውም። ስሕተቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራች፣ ባለ 2.8 ሊትር አራት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር የተገጠመላት ናት። ሞተሩን የሚያዝዝ ኮምፒውተር የላትም። ናፍጣውን ለየሲሊንደሩ የሚያድለው ቦሽ የነደፈው፣ የጃፓን ፋብሪካዎችም በፈቃድ ያመረቱት ቪኢ የሚባለው ዟሪ ፓምፕ ነው። ይህን ፓምፕ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ፤ የቀረውን ታሪክ ያለዚያ መከተል አይቻልም። በዚህች መኪና ላይ ናፍጣን ከታንኩ ወደ ፊት የሚገፋ ሌላ ፓምፕ የለም። የምትስበው በቪኢው ሆድ ውስጥ ያለች ትንሽ ባለክንፍ ፓምፕ ናት፤ ከኋላ ካለው ታንክ ጀምራ፣ በሻንሲው ሥር በሚያልፈው ቱቦ፣ በፊልትሮው በኩል አድርጋ ወደ ራሷ ትጠባለች። በፊልትሮው ራስ ላይ የተቀመጠችው በእጅ የምትጫን ፓምፕ አየር ለማስወጣት ብቻ የተሠራች ናት፤ ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ሥራ የላትም።

እንግዲህ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው መንገድ በሙሉ የሚጠባ መንገድ ነው። ናፍጣ ተገፍቶ የሚሄድበት ቱቦ ሲቀደድ ይንጠባጠባል፤ ሽታውም ጠብታውም ራሱ ይናገራል። የሚጠባ ቱቦ ሲቀደድ ግን ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ይገባል። ውጪው ደረቅ ነው፤ አቧራው እንኳን አይረጥብም። በቀሰም ውኃ የጠጣ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፦ ቀሰሙ ከተሰነጠቀ ወደ አፉ የሚመጣው ንፋስ ነው፤ ከቀሰሙ ውጪ ግን አንዲት ጠብታ አይታይም።

ሕመሙ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነበር። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ታስቸግር ጀመር፤ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ እስኪደክም ትዞራለች እንጂ አትነሣም። ከዚያ ዕቃ ጭና ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። በመጨረሻ ዳገት መሐል ቀጥ ብላ መቆም አመጣች። የመጀመሪያው ጋራዥ ፊልትሮ ቀየረላቸው። ሁለተኛው አራቱንም ኖዝል፣ ናፍጣውን ወደየሲሊንደሩ የሚረጩትን፣ አወጣና አዲስ አስገባ። ሦስተኛው ፓምፑን አወረደ፣ አየው፣ "አልቋል" አለ፣ መልሶም ገጠመው። በመሐሉ ደግሞ አንድ ሰው በአየር መሳቢያው በኩል ኤተር እየነፋ እንዲያስነሡት መክሯቸዋል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማሞቂያ ካንዴላ፣ ማለትም ከመነሣቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያግል መሣሪያ፣ ያለው ናፍጣ ሞተር ላይ ቶሎ የሚነደውን ኤተር መንፋት የጋለ ፍም ላይ ቤንዚን እንደ መድፋት ነው፤ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ሊነድና ፒስተኑን ሊሰነጥቀው ይችላል። ደግነቱ እርሳቸው የሞከሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ ልለፈው፤ ጤነኛ ነበርና። ባትሪው ሳይነካ 12.5 ቮልት፣ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 በላይ። አራቱም ማሞቂያ ካንዴላዎች ኮረንት ይስባሉ። ቁልፉ ሲዞር ፓምፑ ላይ ያለችው የናፍጣ መዝጊያ ማግኔት ቀጭ ትላለች። ይህችን ድምፅ ሳይሰሙ ፓምፕ ያወረዱ መካኒኮች አይቻለሁ፤ የተቆረጠች አንዲት ሽቦ ፓምፕን በቁሙ ታስቀብራለች።

ቀጥዬ ረዳቴን ከኋላ አቆምሁትና "ዓይንህን ከጭስ ማውጫው አትንቀል" አልሁት። ሞተሪኖውን 10 ሰከንድ ያህል አዞርሁ።

"ጋሼ፣ ምንም የለም።"

አረፍ አልሁና እንደገና አዞርሁ። በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ጥቂት ነጭ ጭስ እፍ አለች። ለእኔ ይህ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚነበብ ንባብ ነው። ሞተር እየዞረ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ አልገባም። ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ገብቷል፤ ግን አልነደደም፤ ያኔ የሚጠረጠሩት ማሞቂያ ካንዴላ፣ ፓምፑ ናፍጣ የሚረጭበት ጊዜ ወይም የሲሊንደሩ መጭመቅ ናቸው። እዚህ መጀመሪያ ባዶ፣ ቆይቶ ነጭ ሆነ። ናፍጣው እየዘገየ ነው የሚመጣው ማለት ነው፤ ሌሊቱን የሆነ ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጠዋት ፓምፑ እንደ ገና ከታንኩ ድረስ ሊስበው ይለፋል።

ፓምፑ አንድ ጊዜ ወርዶ ስለነበር ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው ናፍጣ የሚገባበትና ትርፉ የሚመለስበት ሁለቱ ባለቀዳዳ ብሎኖች ናቸው። መልካቸው አንድ ነው፤ የመመለሻው ግን በውስጡ በልክ የተበሳች ጠባብ ቀዳዳ አለችው። ቦታ ከተለዋወጡ ፓምፑ በጠባቧ ቀዳዳ ሊጠባ ይሞክራል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግፊትም ይጠፋል። እነዚህ በቦታቸው ነበሩ። ሁለተኛው ፓምፑና የሞተሩ ገላ ላይ ፋብሪካው የሠራው የመጋጠሚያ ጭረት ነው፤ ይህ 2 ሚሊሜትር ያህል ተፋልሷል። አንዱ እጅ ፓምፑን አዙሮት ኖሯል፤ በግምት ወይም በተስፋ። ጭረቱን መልሼ ገጠምሁ፣ ጻፍሁት፣ አለፍሁ። በሽታው ይህ እንዳልሆነ አውቄ ነበር፤ ምክንያቱም ፓምፑ ከመውረዱ በፊትም ታማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት በአሮጌ ናፍጣ መኪና ላይ ከሁሉ አስቀድሜ የማምነውን ፈተና ነው። 5 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ጀሪካን በናፍጣ ሞልቼ ከኮፈኑ ላይ ከሞተሩ ከፍ አድርጌ ሰቀልሁት። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ከፊልትሮው ነቅዬ በእርሱ ቦታ የጀሪካኑን ቱቦ ሰካሁ፤ የመመለሻውንም ወደዚያው ጀሪካን መለስሁት። አሁን ታንኩ፣ በሻንሲው ሥር ያለው ቱቦ፣ ውኃ ማጥለያው፣ ሁሉም ከጨዋታ ወጡ። የእጅ ፓምፗን እስክትጠነክር ጫንናት፤ የኖዝል ቱቦዎቹን ማጥበቂያ ግማሽ ዙር አላልተን ናፍጣ እስኪወጣ አዞርንና መልሰን አጠበቅን። እዚህ ላይ ለጀማሪዎች አንድ ቃል፦ ከላላ የኖዝል ቱቦ ፊት እጅ አይደቀንም። ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ይመስላል፤ ጣት እስከ ማስቆረጥ ግን ይደርሳል።

ሞተሩ በአንድ ዙር ተነሣ። 40 ደቂቃ ያለማቋረጥ ሠራ፤ እስከ መጨረሻው ሲረገጥም አልተንተባተበም፤ ጭሱም ንጹሕ ነበር። ሞቷል የተባለው ፓምፕ ይህ ነው።

ሞተሩ እየሠራ ሳለ ረዳቴ ፊልትሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና፣ "ጋሼ፣ ይህቺ ታለቅሳለች" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በእጅ ፓምፗ እጀታ ሥር፣ ጎማው ከብረቱ በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል የናፍጣ ጠብታ ተንጠልጥላለች። በጨርቅ ጠረግኋት። ሩብ ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ጠብታ በቦታዋ አበጠች። ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ናፍጣው ከላይ በክብደቱ ሲመጣ መንገዱ የሚጠባ መሆኑ ቀርቶ የሚገፋ ሆነ፤ ስለዚህ አየር ያስገባ የነበረው ስንጥቅ ናፍጣ ያስወጣ ጀመር። ጎማው በዕድሜ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሌሊት መኪናዋ ስትቆም በዚህች ስንጥቅ አየር ይገባል፤ ቱቦው ውስጥ የነበረው ናፍጣም በክብደቱ ቁልቁል ወደ ታንኩ ይወርዳል። ጠዋት ፓምፑ የሚያገኘው ባዶ ቱቦ ነው።

የፊልትሮውን ራስ ከነእጅ ፓምፗ ቀየርን። ታንኩን ከቱቦው ጋር መልሰን አገናኘን። በሁለት ተከታታይ ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሣነው፤ ሁለቱንም ቀን በመጀመሪያው ዙር ተነሣ። ከዚያ የዳገት ፈተና መጣ። መንገድ ላይ ነዳጅ እንዳያልቅብን ብለን ታንኩን ጢም አድርገን ሞላን፣ አሸዋ ጫንን፣ ረጅሙን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጣን። እንደ ወጣት ሞተር ጎተተች። ለባለቤቷ አስረከብኋቸው፤ ትንሽም ተኩራርቼ ነበር፣ አልደብቅም።

በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። ጠዋት አነሣሥዋ ጥሩ ነው፤ ቅሬታ የላቸውም። ነገር ግን ትናንት 20 ከረጢት ሲሚንቶ ጭነው ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ቆማባቸዋለች። የእጅ ፓምፗን ደጋግመው ሲጫኗት ተነሥታ ጥቂት ትሄድና መልሳ ትቆማለች።

መጀመሪያ አእምሮዬ ውስጥ የገባው፣ ላፍርበት የሚገባኝ ቢሆንም፣ "ፓምፑ ይሆን እንዴ?" የሚል ነበር። ሦስት ጋራዥ የወደቀበት ጉድጓድ ጫፍ ላይ እኔም ቆሜ ነበር። ያተረፈኝ የእርሳቸው ጥያቄ ነው።

"ልጄ፣ ይህንን ደብተር አንድ ሰው እንኳን ሊያይልኝ አይፈልግም?"

"እትዬ፣ ምን ጽፈውበታል?"

ገለጡልኝ። መኪናዋ በቆመችባቸው ቀኖች ሁሉ አንድ አንድ መስመር አለ፦ ቀኑ፣ ኪሎሜትሩ፣ የጫኑት ዕቃ፣ መንገዱ፣ በመጨረሻም የነዳጅ መለኪያው መርፌ የት እንደ ነበር። በአራት ወር 11 መስመር። በጣቴ ወደ ታች ወረድሁ፦ ዳገት፣ ግማሽ። ዳገት፣ ከግማሽ በታች። ዳገት፣ ግማሽ። ዳገት፣ ሩብ። ታንኩ ሞልቶ የቆመችበት አንድም ቀን የለም። ሜዳ ላይ የቆመችበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ መርፌው ቀዩ ላይ ነበር።

እኔ የዳገቱን ፈተና በሞላ ታንክ አድርጌዋለሁ። በሽታው የሚደበቅበትን ሁኔታ በገዛ እጄ አዘጋጅቼ፣ በሽታው የለም ብዬ ፈርሜያለሁ።

ይህንን ለቀድሞዎቹ ጋራዦችም ነግረዋቸው ነበር። የተሰጣቸው መልስ፣ "ታንኩ ሥር ዝቃጭ አለ፤ ናፍጣው ሲያንስ ዝቃጩን ትስባለች" የሚል ነው። አባባሉ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ ብዙ ሾፌርም የሚያምነው ነው። ግን ጥቂት ቆም ብሎ ላሰበው አይቆምም። የመሳቢያው ቱቦ አፍ ሁልጊዜ ታንኩ ሥር ነው፤ ታንኩ ቢሞላም ቢጎድልም የሚጠባው ከዚያው ከሥር ነው። ዝቃጩ የሚያስቸግር ቢሆን በሞላ ታንክም ባስቸገረ ነበር። ናፍጣው ከግማሽ ሲወርድ የሚመጣ በሽታ መኖሪያው ታንኩ ወገብ ላይ እንጂ ሥሩ ላይ ሊሆን አይችልም። ታንኩ ወገብ ላይ ደግሞ ናፍጣ የሚጠባበት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፦ ከላይ ከክዳኑ ተነሥቶ ወደ ሥር የሚወርደው የመሳቢያ ቱቦ።

ይህ ገና ግምት ነው። ከዚህ በፊት በግምት የተፈታ ብዙ ብሎን ስለነበር ታንኩን ከማውረዴ በፊት ማስረጃ ፈለግሁ።

በፊልትሮውና በፓምፑ መካከል የመምጠጥ መለኪያ ገጠምሁ። ይህ መሣሪያ ሁለቱን የተለመዱ ሕመሞች ይለያል። መንገዱ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ማለትም ፊልትሮ ቆሽሾ፣ ቱቦ ታጥፎ ወይም ወንፊት ተደፍኖ፣ ሞተሩ በተረገጠ ቁጥር ፓምፑ ይበልጥ ይታገላል፣ መርፌውም ከፍ ይላል። አየር እየገባ እንደሆነ ግን መርፌው ከፍ አይልም፤ ዝቅ ብሎ ይንቀጠቀጣል። የእኛው ዝቅ ብሎ ተንቀጠቀጠ። ዝቃጭ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አበቃለት።

ቀጥሎ የሁለት ጣት ርዝመት ያላቸው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦዎች በሁለት ቦታ አስገባሁ፤ አንዱ ከፓምፑ በፊት፣ አንዱ ታንኩ አጠገብ፣ ቱቦው ከክዳኑ እንደ ወጣ። መርፌው ግማሽ ላይ ነበር። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ስትሠራ ሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ናፍጣ እንደ ሻይ የጠራ ነው። ከዚያ የፊት ጎማዎቿን ጠንካራ መወጣጫ ላይ አወጣን፣ የኋላዎቹን በእንጨት ቆለፍን፣ አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ አየ። ረዳቴ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ረገጠ። እኔ ታንኩ አጠገብ በጀርባዬ ተኝቼ የእጅ ባትሪ አበራሁ።

ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ አንዲት ፊኛ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል፣ በቱቦው ጣሪያ ላይ ተንከባልላ አለፈች። ተከተለቻት ሌላ። ከዚያ እንደ ተሰካ ዶቃ ተከታትለው ይጎርፉ ጀመር። ሞተሩ መንተባተብ ጀመረ፣ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ሞተሩም ጠፋ።

"15 ሊትር ጨምርበት" አልሁት። ጨመረ። መኪናዋ ካለችበት ሳትነቃነቅ አስነሣናት፤ ፊኛዎቹ ጠፉ። 15 ሊትር መልሰን ቀዳን፤ ፊኛዎቹ ተመለሱ። ይህን ሦስት ጊዜ ደገምነው። ሁለተኛው በቂ ነበር፤ ሦስተኛው ለእኔ ደስታ ነው።

ፊኛው ታንኩ አጠገብ ባለው ግልጽ ቱቦ ከታየ፣ ናፍጣ ሲጨመርም ከጠፋ፣ ከዚያ ወደ ፊት ያለው ሁሉ ነፃ ነው፦ የሻንሲው ቱቦ፣ ውኃ ማጥለያው፣ አዲሱ የፊልትሮ ራስ። ክዳኑን ፈታንና የመሳቢያ ቱቦውን መዘዝነው። የታችኛው ግማሽ፣ ሁልጊዜ ናፍጣ ውስጥ የሚኖረው፣ የጠራ ብረት ነው። የላይኛው ግማሽ የቆየ ሚስማር መስሏል፤ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይራገፋል። ግማሹ ባዶ የሆነ ታንክ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን በብረቱ ላይ ያወርዳል። ይህች መኪና ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በግማሽ ታንክ የኖረች ናት። የታችኛውን አፍ በአውራ ጣቴ ደፍኜ ቱቦውን ባልዲ ውኃ ውስጥ አጋደምሁት፤ ረዳቴ በሌላው አፍ በብስክሌት መንፊያ ቀስ አድርጎ ነፋ። ከክዳኑ 11 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ሁለት ቀጫጭን የፊኛ መስመሮች ወጡ። ዝገቱን በጥፍሬ ስፍቀው ሁለት ቀዳዳዎች ታዩ፤ ትልቁ የመርፌ ጫፍ በግድ ያስገባል።

አሁን ደብተሩ ሁሉ ተነበበ። ታንኩ ሲሞላ ቀዳዳዎቹ ናፍጣ ውስጥ ናቸው፤ የሚጠቡት ናፍጣ ስለሆነ ማንም አያውቅባቸውም። የመሳቢያ ቱቦው ያለው በታንኩ የፊት ጎን ነው። መኪናዋ ዳገት ስትወጣ፣ ይልቁንም ጭነቱ ኋላዋን ሲጫናት፣ ናፍጣው ወደ ታንኩ ኋላ ይሸሻል፣ ቀዳዳዎቹ አየር ላይ ይቀራሉ። ሜዳ ላይ ግን ግማሽ ታንክ ገና ይሸፍናቸዋል። መርፌው ቀዩ ላይ ሲደርስ ሜዳም አያድናትም።

ለምን ቀስ በቀስ ትደክማለች እንጂ ወዲያው አትቆምም? ቪኢ ፓምፕ ጥቂት አየርን ይችላል፤ ከትርፉ ናፍጣ ጋር በመመለሻው በኩል ወደ ታንኩ ያስወጣዋል። አየሩ ሲበዛ ግን በፓምፑ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል። ናፍጣው የሚረጭበትን ጊዜ እንደ ፍጥነቱ የሚያስቀድመው ደግሞ ይኸው ግፊት ነው። ግፊቱ ሲወድቅ ርጭቱ ይዘገያል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ያልነደደ ናፍጣ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያየ መካኒክ ፓምፑን ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ፓምፑ በእርግጥ እንደ ታመመ ፓምፕ ነው የሚያደርገው።

ጥገናው ከፍለጋው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ቱቦውን ከክዳኑ ቆርጠን፣ ክዳኑን በሚገባ አጥበን፣ ከታንኩ ርቀን አዲስ የብረት ቱቦ በነሐስ ብየዳ ገጠምንለት። ረዳቴ የመዳብ ቱቦ አቅርቦልኝ ነበር፤ ለመጠምዘዝ ይቀላል፣ አይዝግም። አልተቀበልሁትም። መዳብ ናፍጣው ቶሎ እንዲያረጅና ሙጫ መሰል ዝቃጭ እንዲፈጥር ያደርጋል፤ ዚንክ የተቀባ ብረትም እንደዚሁ ከናፍጣ ጋር አይስማማም። ታንኩን አወረድነው፤ ከውስጡ አንድ ስኒ የሚሞላ ዝገትና ውኃ ወጣ። ዝቃጭ አለ ያሉት ሰዎች ፍጹም አልዋሹም፤ አለ፣ ግን ወንጀለኛው እርሱ አልነበረም። ከታንኩ የሚወጡትን የጎማ ቱቦዎች ቀየርን፤ ሲታጠፉ ይሰነጣጠቁ ነበር። ማሰሪያዎቻቸው ላይ ጠርዛቸው ጎማ የሚቆርጠውን ትተን ዙሪያውን እኩል የሚያጠብቁትን አደረግን።

የተቀየሩት አሮጌ ኖዝሎች በጨርቅ ተጠቅልለው ጋቢና ውስጥ ነበሩ። ነገሩ ስላጓጓኝ በመሞከሪያው ላይ አደረግኋቸው። ሦስቱ በደንብ ይረጫሉ፤ አራተኛው ብቻ ያንጠባጥባል። ለባለቤቷ ነግሬ መለስኋቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልጽፈውም።

ለሁለተኛው ሥራ የእጅ ዋጋ አልጠየቅሁም። ደብተሩን በመጀመሪያው ቀን አንብቤው ቢሆን የጀሪካኑ ፈተና ከታየ በኋላ ጉዳዩን እንደ ተዘጋ አልቆጥረውም ነበር። ጀሪካኑ ፓምፑን ነፃ አወጣ፤ የፊልትሮውን ራስ አጋለጠ፤ ታንኩን ግን ጨርሶ አልጠየቀውም፤ ከጨዋታ አውጥቼዋለሁና። እኔ አንድ ቀዳዳ ሳገኝ ሌላ ይኖር ይሆን ብዬ አልጠየቅሁም። የመጀመሪያው ጥገና ከንቱ አልነበረም፤ የጠዋቱን ሕመም በእርግጥ ፈውሷል። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ዓይነት ነጭ ጭስ ስለሚያስወጡ ነው አንድ የመሰሉኝ።

የመጨረሻውን ፈተና የደብተሩን መስመሮች ተከትዬ አደረግሁት። መርፌው ሩብ ላይ እስኪወርድ ናፍጣ ቀዳሁ፤ አሸዋ ጫንሁ፤ ዳገቱን አራት ጊዜ ወጣሁ፤ አንዱን መንገድ መሐል ላይ አቁሜ እንደገና በመነሣት። ሌሊቱን አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ መወጣጫው ላይ አሳደርኋት። ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ከፓምፑ በፊት ያለውን ግልጽ ቱቦ አየሁት፤ እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው፤ አንዲት ፊኛ የለችበትም። በመጀመሪያው ዙር ተነሣች።

ባለቤቷ ሊወስዷት ሲመጡ ግልጹን ቱቦ እየነቀልሁ ነበር።

"ምነው? ተወው እንጂ፤ እኔም እያየሁት ልንዳ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ይህ ፕላስቲክ የሞተር ሙቀት አይችልም፤ በጥቂት ወር ይደርቅና እርሱ ራሱ አየር ያስገባል" አልኋቸው።

ቱቦዋን ከእጄ ተቀብለው በብርሃኑ ላይ አገላብጠው አዩዋት፤ ደብተሩ መሐል አድርገው ዘጉት።